ዳይሬክተሯን አምተናታል እንጂ አልነገርናትም



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጫማችንን እየፈለግን ሳለ አንዲት ወጣት እህት እጄን ያዘችኝ። ነርሲንግ እየተማረች ነው፤ እኔ ነርስ መሆኔን ሰው ነግሯታል። "አንድ ነገር ላማክርሽ ነበር እህቴ" አለችኝና ጥግ ይዘን ተቀመጥን። አንድ ኮርስ በግማሽ ነጥብ ወድቃለች። ማለፊያው 78 ነው፣ እሷ 77.5 አመጣች፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ነጥብ አያጠጋጋም። በፕሮግራሙ ደንብ አንድ ጊዜ እንደገና የመግባት ዕድል አላት፤ ግን ቦታ ካለ ነው። ቦታ መኖር አለመኖሩን የምታውቀው የፕሮግራሙ ዳይሬክተር ብቻ ናት። አምስት ሳምንት ሆነው፤ ልጅቷ የሰማችው ነገር የለም። ሥራዋን ትጨምር ወይስ ትቀንስ፣ የቤት ኪራይ ውል ታድስ ወይስ አታድስ፣ አገር ቤት ላሉት እናቷ ምን ትበል፣ ሁሉም በዚያ መልስ ላይ ተንጠልጥሏል።

ከዚያ ስልኳን ከፍታ የክፍላቸውን የዋትስአፕ ግሩፕ አሳየችኝ። ሱብሓነላህ! ስለ ዳይሬክተሯ ብቻ ከአራት መቶ የማያንስ መልእክት አለ። ድምፅ አለ፣ ስቲከር አለ፣ የሴትየዋን አነጋገር የሚያስመስል ቪዲዮ ሳይቀር አለ። "ለእሷስ ምን ብለሽ ጻፍሽላት?" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና አንድ ኢሜይል አሳየችኝ። ሦስት መስመር ነው። ስለ ጉዳዬ ጥያቄ አለኝ፣ መቼ ላገኝዎት እችላለሁ፣ አመሰግናለሁ ይላል። የትኛው ጉዳይ እንደሆነ፣ የየትኛው ዓመት ተማሪ እንደሆነች፣ መልሱን እስከ መቼ እንደምትፈልግ የሚናገር አንድ ቃል የለውም።

ልስቅባት አልቻልኩም። ራሴን ነው ያየሁት።

እኔ ነርሲንግ የተማርኩት ከሲያትል በስተደቡብ ባለ አንድ ኮሌጅ ነው። ስሙን አልጠራም፣ መጥራቱም አይጠቅምም። ብዙዎቻችን እንዳለፍንበት መንገድ ነው ያለፍኩት። መጀመሪያ ሲኤንኤ ሆኜ አዛውንቶች መጦሪያ ናይት ሠራሁ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ቅድመ ትምህርቶቹን አንድ በአንድ ጨረስኩ፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ተቀበለኝ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ዳይሬክተሯ ፊታችን ቆማ "በሬ ሁልጊዜ ክፍት ነው" አለችን። አመንናት። በሩ እንኳ እውነትም ክፍት ነበር፤ እሷ ነች ውስጡ የማትገኘው።

ነርሲንግ ትምህርት ቤት ያልገባሽ እህት ይህ ለምን እንደሚከብድ እንድትረጂልኝ ነው የምነግርሽ። ሌላ ትምህርት ላይ አስተዳዳሪ ቢዘገይ ትበሳጫለሽ፣ ያልፋል። እዚህ ግን ክሊኒካል የሚባል ነገር አለ፤ ሆስፒታል ሄደሽ የምትለማመጂበት ነው። የት እንደምትመደቢ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደምትገቢ ከዚያ ቢሮ ነው የሚመጣው። እኛ ዘንድ ምደባው የሚላከው ዓርብ ማታ ነበር፤ ሰኞ ንጋት ላይ ልብስሽን ለብሰሽ ሆስፒታሉ ውስጥ መገኘት አለብሽ። ልጅሽን በዚያ ሰዓት የሚቀበል ሞግዚት ከዓርብ እስከ ሰኞ ፈልጊ። እናት አጠገብ የለች፣ እህት የለች፣ ጎረቤትሽን በስም አታውቂያትም። አሜሪካኖቹ የክፍል ጓደኞቻችንም ይናደዱ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እነሱም መልስ አያገኙም። ስለዚህ "ሙስሊም ስለሆንን ነው፣ ጥቁር ስለሆንን ነው" ብዬ አልጽፍም። ዝምታው ለሁሉም እኩል ነበር። የወደቀበት ትከሻ ግን እኩል አልነበረም። አያት በአንድ ስልክ ጥሪ መጥታ ልጅ የምትይዝላት ተማሪና እኛ አንድ አይደለንም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የስፕሪንግ ኳርተሩ ማለቂያ ላይ ረመዳን ነበር። የሲያትልን የጁን ቀን የምታውቂ ታውቂዋለሽ፤ መግሪብ በሀበሻ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው። ከዒሻና ከተራዊሕ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሱሑር ይደርሳል። እየጾምን፣ ክሊኒካል እየገባን፣ ለፋይናል እያጠናን ነበር። ፋይናሉ ረቡዕ ነው ተባልን። ከዚያ አንድ ቀን ኢሜይል መጣ፦ ፈተናው ወደ ዓርብ ጁን 15 ተዛውሯል፣ ተማሪዎች ይህንን እንዲያውቁ። በቃ። ለምን እንደተዛወረ የለም፣ የሚቸገር ካለ ምን ያድርግ የለም። ያ ዓርብ ዒደል ፊጥር ነበር።

በክፍሉ ውስጥ ሦስት ሐበሻ ሙስሊሞች ነበርን። ምን ያደረግን ይመስልሻል? ቁጭ ብለን አማናት። ወላሂ ለሦስት ቀን ሥራችን እሱ ነበር። "ሆን ብላ ነው"፣ "ለክሪስማስ ብታደርገው እናያት ነበር"፣ "አለባበሳችንን ስታይ ፊቷ ይለወጣል"። እየጾምን! ከዚያ እኔ ጻፍኩላት። ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ባለቤቴ "ቢሮዋ ሂጂና ንገሪያት" አለኝ፤ እኔ ግን "ሰብር ይሻላል" አልኩት። ሰብር የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ለፍርሃታችን መሸፈኛ እንዳደረግነው አላህ ይወቀው።

የዒድ ቀን ባለቤቴ ልጃችንን ይዞ ወደ ሶላት ሄደ። እኔ የዒድ ቀሚሴን ለብሼ ፈተና ተቀመጥኩ። ተክቢራው በጆሮዬ እየመጣ ስለ ኢንሱሊን ጥያቄ መለስኩ። ጨርሼ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ዳይሬክተሯን አገኘኋት። አየችኝና ፊቷ በራ። "እንዴት የሚያምር ቀሚስ ነው! ዛሬ ምን በዓል አለ?" አለችኝ።

እህቴ፣ እዚያ ቆሜ የተሰማኝን ልገልጽልሽ አልችልም። ሴትየዋ እየቀለደች አልነበረም። አታውቅም! ሁለቱንም ኢሜይሎቼን አላነበበቻቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ ጠላታችን አድርገን የሳልናት ሴት ዒድ ምን ቀን እንደሆነ የነገራት ሰው አልነበረም። "ስለዚህ ቀን ሁለት ጊዜ ጽፌልሽ ነበር" አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ በቀን የሚገባው ኢሜይል ብዛት ከአቅሟ በላይ እንደሆነ፣ ሁለት አስተማሪ ለቆባት እሷ ራሷ እያስተማረች እንደሆነ ነገረችኝ። አዘንኩላት፣ ተናደድኩባትም። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉብኝ።

አሁን "ስለዚህ ጥፋቱ የእኛ ነው" ልል ነው ብለሽ አትፍሪ። አልልም። ኃላፊነት ማለት ሰው የሚጽፍልሽን ማንበብ ነው። ማንበብ ካልቻልሽ የሚያነብልሽ ሰው ትመድቢያለሽ፤ ያም ካልተቻለ "ደርሶኛል፣ እስከ ሐሙስ እመልስልሻለሁ" የምትል አንዲት መስመር ትልኪያለሽ። ሥራ መብዛቱ ምክንያት ነው፤ ከተጠያቂነት ግን አያወጣም። ሱረቱ ዐበሰን አስቢያት። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ ዲኑ በመጥራት ተጠምደው ነበር። ከዚያ የበለጠ ሥራ ምን አለ? ዐይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም በዚያ መሃል ሊማር መጣ። ፊታቸውን ከእሱ አዞሩ፣ አላህም በዚያ ላይ ወቀሳ አወረደ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሰውየው ዐይነ ስውር መሆኑ ነው። ፊት ሲዞርበት አላየም። ግን ተቆጠረ፤ እስከ ቂያማ የሚነበብ ሆነ። መልስ ያላገኘች ተማሪም ከኢሜይሉ ወዲያ ያለውን ፊት አታየውም። በኋላ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያንን ሶሓባ እንዴት እንዳከበሩት፣ ሙአዚን እንዳደረጉት፣ ከመዲና ሲወጡም በቦታቸው እንደተኩት ታውቂያለሽ። ስሕተትን ማረም ማለት ይህ ነው።

ወደ እኛ ጥፋት ልምጣ፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ኢማሙ ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ውስጥ ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል። የመጀመሪያው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የተበደለ ሰው በደሉን፣ ሊያስተካክል ለሚችል ባለሥልጣን ሲናገር ነው። እንግዲህ እኛ ያደረግነውን ተመልከቺ። የተፈቀደልን ቦታ ላይ፣ ከዳይሬክተሯ ፊት፣ ከዲኗ ቢሮ፣ ዝም አልን። የተከለከልንበት ቦታ ላይ ደግሞ፣ ዋትስአፕ ላይ፣ ካፍቴሪያ ውስጥ፣ ኢፍጧር ላይ፣ አፋችን አላረፈም። ሁለቱን ገልብጠን ኖርን። ወንጀሉን ይዘን ወጣን፣ ቀኑ ግን አልተቀየረልንም።

"ሴት ልጅ ቅሬታ ማብዛት አያምርባትም" ተብለን ነው ያደግነው፤ ወሎም ጅማም ሐረርም ያው ነው። ግን ቁርኣን ውስጥ በተከራካሪዋ ሴት የምትጠራ ሱራ አለች። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ ባሏ "አንቺ ለኔ እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ" ብሎ እንደ ጃሂሊያው ልማድ ሲያንጠለጥላት ቤቷ አልተቀመጠችም፣ ጎረቤት ለጎረቤትም አልዞረችም። ሊፈርዱላት ወደሚችሉት ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄደች። በተፍሲር መጻሕፍት እንደተዘገበው የተናገረችውም ጭብጥ ነበር፤ ዕድሜዋን፣ ልጆቿን፣ ለእሱ ብትተዋቸው ምን እንደሚሆኑ፣ እሷ ብትይዛቸው ምን እንደሚሆኑ። መልስ ስታጣ ደግማ ጠየቀች። አላህ ሰማት። ሰብር የላትም ያላት የለም።

ስለ ሦስተኛዋ ጓደኛችን አልነገርኩሽም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም በእሷ ምክንያት ነው።

በሁለተኛው ዓመት አረገዘች። ከሦስታችን ጎበዟ እሷ ነበረች፤ የመድኃኒት ስሌት የምታስረዳን እሷ ናት። የመውለጃ ቀኗ ከኳርተሩ መሃል ላይ ወደቀ። ለዳይሬክተሯ ጻፈች፦ ብወልድ ምን እሆናለሁ? ዝም። እንደገና ጻፈች። ዝም። አንድ አስተማሪ በመንገድ ላይ "ክሊኒካል ከሁለት ቀን በላይ የሚቀር ከፕሮግራሙ ይወጣል፣ ደንቡ ነው" አላት። ያንን እንደ መልስ ወሰደችው። ባለቤቷም "አላህ የጻፈው ነው፣ ልጅሽን ውለጂ" አላት። ለቀቀች። ማንም አላባረራትም፤ የተጻፈ አንድ ወረቀት የለም። በዝምታ ወጣች።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ! እዚህ አገር ታይትል ናይን የሚባል ከ1972 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ። ብዙዎቻችን የስፖርትና የፆታዊ ትንኮሳ ሕግ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት እርጉዝ ተማሪን እንዴት መያዝ እንዳለበትም በደንቦቹ ውስጥ አለ። ሐኪሟ ያስፈልጋታል እስካለ ድረስ ለእርግዝናና ለወሊድ የቀረችበት ፈቃድ ይሰጣታል፣ ስትመለስም ወደነበረችበት ደረጃ መመለስ አለባት። ያመለጣትን የክሊኒካል ሰዓት ታካክሳለች፣ እሱ አይቀርላትም፤ ነርስ ሆነሽ ሰዓቱን ሳትሠሪ መውጣት አትችዪም፣ ታካሚ ነው የሚጎዳው። ግን "ከሁለት ቀን በላይ ከቀረሽ አለቀልሽ" ወሊድ ላይ አይሠራም። በየኮሌጁ ደግሞ የታይትል ናይን ኮኦርዲኔተር የሚባል ሰው አለ። ዳይሬክተሯ ባትመልስ እንኳ በዚያ በር መግባት ይቻል ነበር። እኛ በሩ መኖሩን አናውቅም ነበር። የዳይሬክተሯ ሥራ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ በሩ የት እንዳለ መጠቆም ነበር።

ጓደኛዬ ዛሬም ሲኤንኤ ናት። ሥራው ሐላል ነው፣ አልንቀውም፣ ራሴም ሠርቼበታለሁ። ግን ወገቧ ታሟል፣ ሦስት ልጆች አሏት፣ እኔ በምሠራበት ዓይነት ሆስፒታል ውስጥ መሥራት የምትችል ሴት ነበረች። ስለ ሕጉ የነገርኳት ዘግይቼ፣ ዓምና ነው። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ "ያኔ ማን ነገረን?" አለችኝ። አንቺን ለምን አልጠየቅሽልኝም አላለችኝም። እኔ ግን ያልተባለውንም ሰማሁት።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ነርሲንግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሚያስተምሩሽ ምንድን ነው? የታካሚሽ ሁኔታ ከተበላሸ ዶክተሩን ትጠሪያለሽ። ካልመለሰ እንደገና ትጠሪያለሽ። አሁንም ካልመለሰ ለቻርጅ ነርሷ፣ ከዚያ ለሱፐርቫይዘሯ፣ እያልሽ ወደ ላይ ትወጫለሽ፤ የጠራሽበትንም ሰዓት ትጽፊያለሽ። "ደውዬ ነበር፣ አልመለሰም" ብሎ መቀመጥ ፍርድ ቤት ያስቆማል። ኤስ ባር የሚባለውን አነጋገርም ይሰጡሻል፦ አሁን የሆነው ምንድን ነው፣ ከበስተጀርባው ምን አለ፣ እኔ የማየው ምንድን ነው፣ ከአንተ የምፈልገው ምንድን ነው። ይህን ለታካሚ ስንሸመድድ ኖረን ለራሳችን ሕይወት ሲሆን "ስለ ጉዳዬ ጥያቄ አለኝ" ብለን እንጽፋለን።

ስለዚህ ያቺን ወጣት እህት እዚያው መስጂድ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን እንዲህ አስጻፍኳት። ርዕሱ ላይ ሙሉ ስሟን፣ የኮርሱን ቁጥርና እንደገና ለመግባት ጥያቄ መሆኑን። ከዚያ፦ ይህን ኮርስ በ77.5 አላለፍኩም። በተማሪዎች መመሪያው መሠረት አንድ ጊዜ የመመለስ ዕድል አለኝ። በዚህ ቀን ጽፌልዎት ነበር፣ መልስ አልደረሰኝም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ኳርተር ቦታ አለ ወይ፣ ማመልከቻዬስ እስከ መቼ መግባት አለበት? የሥራ ሰዓቴን ማስተካከል ስላለብኝ እስከዚህ ቀን ቢመልሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ካልተመቸዎት ዲኗን ላነጋግር እገደዳለሁ። ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። "ይህ የመጨረሻው መስመር ማስፈራራት አይሆንም?" አለችኝ። አይሆንም። ወዴት እንደምትሄጂ አስቀድመሽ መንገር አደብ ነው፤ ከጀርባ ከመሄድ ይሻላል።

ፍርሃቷን ግን አላቃለልኩባትም። ክሊኒካል ላይ የምትገመገሚው በአስተማሪሽ ዓይን ነው፤ "ለታካሚ አደገኛ ናት" የምትል አንዲት ማስታወሻ ዓመት ታበላሻለች። ሒጃብ ለባሽ ስትሆኚ ደግሞ ከሩቅ ትለያለሽ። ስለዚህ ጉዳዩ የብዙዎች ከሆነ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጻፉ፣ የክፍል ተወካይ ካለ በእሱ በኩል ላኩ። በቃል የተባለሽን ነገር በዚያው ቀን "ዛሬ እንደተነጋገርነው" ብለሽ በጽሑፍ መልሰሽ ላኪ። ስለ አንቺ የተጻፈውንም ማየት ትችያለሽ፤ ከ1974 ጀምሮ ያለው ፌርፓ የሚባለው ሕግ ተማሪ የራሷን የትምህርት መዝገብ ለማየት ስትጠይቅ ትምህርት ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ እንዲያሳያት ያስገድዳል። ይህን የሚያውቅ ሐበሻ ተማሪ ብዙም አላጋጠመኝም።

የዒዱንም ነገር ልጨርስልሽ። እኔ በዚያ ቀሚስ ከተፈተንኩ በኋላ፣ በ2019፣ የዋሽንግተን ስቴት ኮሌጆች ለሃይማኖት በዓል የምትቀር ተማሪን እንዲያመቻቹ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ግን ተማሪዋ ኮርሱ በተጀመረ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቀኑን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት። እዚህ ስቴት ያላችሁ እህቶች፣ ጨረቃ እስክትታይ አትጠብቁ! ሁለቱንም ሊሆኑ የሚችሉ ቀኖች ጻፉና ላኩ። ሌላ ስቴት ወይም ሌላ አገር ያለሽ፣ ጀርመንም ሆንሽ ስዊድን፣ ሕጉ ይለያል፤ የተማሪ መመሪያውን አውጥተሽ የቅሬታውን ምዕራፍ አንብቢው። አብዛኛውን ጊዜ የቅሬታ ማቅረቢያ ቀነ ገደብ አለው፤ ስናማ ያልፋል።

አንድ ያሳፈረኝን ነገርም ልንገርሽ። ከሁለት ዓመት በፊት ቻርጅ ነርስ ሆንኩ። አንዲት ሲኤንኤ፣ ሶማሌ እህታችን፣ ለልጇ የሐኪም ቀጠሮ ሺፍት እንድቀይርላት መልእክት ላከችልኝ። አላየሁትም። ያየሁት ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ነው። ይቅርታ ስጠይቃት "ችግር የለም እህቴ፣ ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ኮሪደር ላይ ቀሚሴን ያደነቀችው ሴት ሆኜ አገኘሁት ራሴን። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት መልስ ያልሰጠሁት ሰው እንዳለ አያለሁ። መልስ ከሌለኝ "አይቼዋለሁ" እላለሁ። ሁልጊዜ ይሳካልኛል ብዬ አልዋሽሽም።

እግረ መንገዴን የራሳችንንም ቤት ልንካው። የቅዳሜና እሁድ መድረሳዎቻችንን የምትመሩ እህቶችና ወንድሞች፣ እናቶች "ልጄ የት ጁዝእ ደረሰ?"፣ "ክፍያው ለምን ጨመረ?" ብለው ሲጽፉላችሁ ስንቱን ትመልሳላችሁ? መድረሳው ሊዘጋ መሆኑን በሩ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ያወቅንበት ጊዜ አለ። የአሜሪካኗን ዳይሬክተር ስናማ "የኛ ሰው ቢሆን እንዲህ አያደርግም" እንላለን። ያደርጋል፤ እሱንም ደፍረን ለራሱ አንነግረውም፣ መስጂድ በር ላይ እናማዋለን እንጂ።

ያቺ ወጣት እህት ኢሜይሉን የላከችው በማግስቱ ከፈጅር በኋላ ነው። እኔን ቅጂ ውስጥ ላስገባሽ አለችኝ፤ አይሆንም፣ ጉዳዩ ያንቺ ነው አልኳት። ከግሩፑ ግን አልወጣችም፤ "ማስታወቂያም የሚመጣው እዚያ ነው" ትላለች፣ እውነቷን ነው። የሰጠችው ቀን ትናንት አለፈ፤ እስካሁን መልስ የለም። ሰኞ ከሺፍት ስወጣ ከኮሌጁ ካፍቴሪያ ላገኛት ተቀጣጥረናል፤ ከዚያ ወደ ዲኗ ቢሮ ትገባለች። እኔ ውጭ እጠብቃታለሁ። ዱዓ አድርጉላት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።